የመንዙ ሽማግሌና አንካሳዋ ዳክዬ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ሰዎች ማታ ማታ ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው ለአስተርጓሚነት ፈተና የሚዘጋጅ ወጣት ነው። ሌላው አያቱ ናቸው። ዓይናቸውን ሊታከሙ ከመንዝ መጥተው፣ ሐኪሙ «ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሱ» ስላላቸው እዚያው ቀርተዋል። ሊፍት የሌለው ፎቅ አንዴ ከተወጣ ለመውረድ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። ሽማግሌው ምክንያት እስኪያገኙ ድረስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሶፋው ጥግ ይቀመጡና የልጅ ልጃቸው የሚያነበንበውን ያዳምጣሉ።

ልጁ የአጠናን ዘዴ አለው። ያለፈ ዓመት ካላንደር በመቀስ ይቆራርጥና በአንዱ ፊት እንግሊዝኛውን ቃል፣ በሌላው ፊት ፍቺውን ይጽፋል። የሚያጠናው መጽሐፍ ለፖለቲካና ለመንግሥት ጉዳይ የሚሆን «ከፍተኛ» እንግሊዝኛ ይዣለሁ ይላል። ልጁን ያስፈራችው ይህቺው «ከፍተኛ» የምትለው ቃል ናት። ካባ የደረበ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያንጠለጠለ እንግሊዝኛ ይመስለዋል፤ እሱም እንደ ዳዊት ደጋሚ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ይሸመድዳል።

«ሌም ዳክ፣ ሌም ዳክ፣ ሌም ዳክ . . .»

«ላሟ ምን ሆነች?» አሉ አያቱ።

«ላም አይደለም አባባ፣ ሌም ነው። አንካሳ ማለት ነው። አንካሳ ዳክዬ።»

«የማን ናት?»

«የማንም አይደለችም። እንዲህ የሚባለው ፕሬዚዳንት ነው። ምርጫ ተደርጎ የሚተካው ሰው ከታወቀ በኋላ፣ ወንበሩን ሳይለቅ የሚቆየው።»

«ሊሻር የተቃረበ ሹም በለኛ!» ሽማግሌው ተመቻችተው ተቀመጡ። በወጣትነታቸው የወረዳቸው ገዢ ሊነሳ ነው የተባለ ዕለት የሆነውን ያስታውሳሉ። ማለዳ ደጁ ላይ ይኮለኮል የነበረው ባለጉዳይ እንደ ጉም ተነነ፤ በቅሎውን የሚይዝለት ሰው እንኳ ጠፋ። «የሚታዘዘው የለም፤ የሚፈራው የለም። ደህና አድርገው ነው ስም ያወጡለት።»

ዳክዬዋ የተወለደችው ቤተ መንግሥት ውስጥ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የለንደን የአክሲዮን ደላሎች ዕዳውን መክፈል አቅቶት እየተንገዳገደ ከገበያቸው የሚወጣውን ሰው በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ሆራስ ዋልፖል የተባለው ጸሐፊ በ1761 ለወዳጁ በላከው ደብዳቤ ኮርማው፣ ድቡና አንካሳዋ ዳክዬ ምን እንደሆኑ ታውቅ እንደሆነ ብሎ ይጠይቀዋል። ኮርማውና ድቡ እዚያው ገበያ ውስጥ ቀሩ፤ ዳክዬዋ ግን ውቅያኖስ ተሻግራ አሜሪካ ፖለቲካ ውስጥ ገባች። እዚያ ተመቻት። አሜሪካኖች በኖቬምበር መርጠው አዲሱን ሰው ወንበር ላይ የሚያስቀምጡት ማርች 4 ቀን ስለነበር አራት ወር ሙሉ ታነክስ ነበር። በ1933 የጸደቀው 20ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ቀኑን ወደ ጃንዋሪ 20 አመጣው። አሁን የምታነክሰው ለሁለት ወር ተኩል ያህል ነው።

ልጁ ሁለተኛውን ካርድ አነሳ። ዊፕ ይላል። ከጀርባው «የፓርቲውን አባላት ዲሲፕሊን የሚያስከብርና ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ መገኘታቸውን የሚከታተል የምክር ቤት አባል» ብሎ ጽፏል።

«ቃሉ ራሱ ምን ማለት ነው?»

«ጅራፍ።»

«ታዲያ ጅራፍ ብለህ አትጽፍም? ያን ሁሉ ቀለም ምን አስጨረሰህ?»

ሽማግሌው ልክ ናቸው። በእንግሊዝ የቀበሮ አደን ላይ ከመንጋው የሚያፈነግጡትን ውሾች በጅራፍ እያስፈራራ የሚመልስ ሰው አለ። ፓርላማው የወሰደው ይህንኑ ሰው ነው፣ ከነጅራፉ። ዋናው ጅራፍ ለፓርቲው አባላት በየሳምንቱ የሚልከው የሥራ ዝርዝርም ጅራፍ ይባላል። ከጉዳዩ ሥር አንድ መስመር ከተሰመረ ብትመጣ ደስ ይለናል ነው፤ ሁለት ከሆነ እንድትቀር አንፈልግም ነው፤ ሦስት ከሆነ አልጋህን ተሸክመህም ቢሆን ና ነው። ይህ አልጋ ቀልድ ብቻ አይደለም። ማርች 28 ቀን 1979 የጄምስ ካላሃን መንግሥት 311 ለ310 በሆነ ድምፅ ሲወድቅ፣ የጎደለችው አንዲት ድምፅ በጠና የታመሙት የሰር አልፍሬድ ብሮተን ነበረች። ሰውዬው ቤታቸው ቀሩ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም አረፉ። መንግሥቱ ግን ቀድሟቸው ሞቷል።

በኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ሰው «የመንግሥት ዋና ተጠሪ» ይባላል። ጅራፉ ወደ አገር ሲገባ ጉምሩክ ላይ የቀረ ይመስላል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ አልተዋጠላቸውም። «ተጠሪማ እኔም ለሐኪም ቤቱ አንተን ተጠሪ ብዬ አስመዝግቤሃለሁ» አሉና ትንሽ አስበው «‹ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል› የተባለው ለካ ለእሱ ኖሯል» ብለው ሳቁ።

ቀጥሎ የወጣው ካርድ ግን ሽማግሌውን ከተቀመጡበት አስነሳቸው። ጄሪማንደር ይላል፤ ከጀርባው «የምርጫ ክልልን ወሰን አንድን ወገን በሚጠቅም መንገድ ማካለል»።

«ይሄማ ድንበር ገፊ ነው!»

መንዝ ውስጥ ድንበር ገፊን የማያውቅ የለም። በአንድ ሌሊት ማሳ አይወስድም፤ ብልህ ነው። ዘንድሮ አንድ ትልም ይገፋል፣ ለከርሞ አንድ ትልም፤ የድንበሩን ድንጋይም ከትልሙ ጋር እያንፏቀቀ ያስከትላል። ጎረቤቱ ሲነቃ ድንጋዩ አዲሱ ቦታ ላይ ሽበት አብቅሏል፣ ምስክሮቹም አርጅተዋል። ከዚያ በኋላ ሽምግልና ነው፤ ሽምግልናው ካልያዘ ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ካልያዘ ምን እንደሆነ ሽማግሌው ለልጅ ልጃቸው አልነገሩትም።

የአሜሪካው ድንበር ገፊ ያረሰው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ደግሞም በፊርማው። ኤልብሪጅ ጌሪ ይባላል፤ የነፃነት አዋጁን ከፈረሙት ሰዎች አንዱ ነው። በ1812 የማሳቹሴትስ ገዢ ሳለ፣ ለፓርቲው እንዲመች ተደርጎ የተከለለውን የምርጫ ካርታ በሕግ አጸደቀ። በኤሴክስ አውራጃ ከወጡት ክልሎች አንዱ እንደ ጎባጣ አውሬ ተጠማዞ ነበር። ማርች 26 ቀን ቦስተን ጋዜት የተባለው ጋዜጣ በካርታው ላይ ክንፍ፣ ጥፍርና ምላስ ቀጥሎ አሳተመው። አውሬው ሳላማንደር የተባለውን እንሽላሊት መሳይ ፍጡር ስለመሰለ የገዢው ስም ከፊቱ ተቀጠለለትና ጌሪማንደር ተባለ። በዚያው ዓመት ምርጫ ተቃዋሚው ወገን ብዙ ድምፅ አግኝቶ ሳለ በማሳቹሴትስ ሴኔት የደረሰው 11 ወንበር ነው፤ የጌሪ ፓርቲ 29 ወሰደ። አራሹ ራሱ ግን የገዢነቱን ወንበር ተነጠቀ። ደግነቱ ብዙም አልተጎዳም፤ በዓመቱ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ወንበሩ ላይ እንዳለም በ1814 ሞተ። የተጎዳው ስሙ ነው። በሕይወት ሳለ ጌሪ ነበር፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ ጄሪማንደር እያለ በማይታወቅበት ስም ያነሳዋል።

«ሽማግሌ አልተላከበትም?» አሉ አያቱ።

«ኧረ እስከ ዛሬም ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ አባባ።»

«እንግዲያው ድንጋዩ ሽበት አብቅሏል።»

በሚቀጥለው ማታ የወጣችው ፖርክ ባረል ናት፤ ጥናቱን ልታቋርጠው ነበር። የአሳማ ሥጋ በርሜል ማለት መሆኑን የሰሙት ሽማግሌ፣ ዕለቱም ዓርብ ስለነበር፣ «በስመ ሥላሴ!» ብለው አማተቡ። ልጁ አሳማውን ትቶ ሐሳቡን ለማስረዳት ሞከረ። በድሮው የአሜሪካ ቤት ጨው የተነሰነሰበት ሥጋ በበርሜል ይቀመጥ ነበር፤ ቤተሰቡ የክረምቱን ሆድ የሚያየው በርሜሉን ከፍቶ ነው። የምክር ቤት አባላትም የአገሪቱን ካዝና እንደዚያ በርሜል እያዩ ለየወረዳቸው አንዳንድ ቁራጭ ይጎትታሉ። የታወቀው ምሳሌ አላስካ ውስጥ ነው። በ2005 ኬቺካን የተባለችውን ከተማ ከግራቪና ደሴት ጋር ለሚያገናኝ ድልድይ 223 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ደሴቲቱ ላይ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ ነዋሪዋ ግን 50 ሰው ያህል ነው። ሕዝቡ «የትም የማያደርስ ድልድይ» ብሎ አፌዘበት፤ ድልድዩም ሳይሠራ ቀረ።

«ያስመደበው ሰው ገንዘቡን ለራሱ በላው?»

«አልበላውም። ለወረዳው ሰዎች ነው ያስመደበው።»

«ታዲያ ደግ ሰው ነዋ! እኛ ጋ ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› ነው የሚባለው። ይሄኛው ለአገሩ ልጅ አጎረሰ።» ልጁ መጽሐፉ ይህን እንደ ነቀፌታ እንደሚያየው ቢነግራቸውም ሽማግሌው ለመጽሐፉ አልተሸነፉም። የእሳቸው ቀበሌ ድልድይ ከተጠየቀ ስንት ዓመቱ ነው!

ሎግሮሊንግ በቀላሉ አለፈ። ሁለት ተመራጮች ዛሬ ለእኔ ጉዳይ ድምፅህን ስጠኝ፣ ነገ ለአንተ ጉዳይ እሰጥሃለሁ የሚባባሉበት ስምምነት ነው፤ በቁሙ ግንድ ማንከባለል ማለት ነው። ጫካ የሚመነጥሩ የአሜሪካ ሰፋሪዎች ከባዱን ግንድ ለማንከባለል ጎረቤት ይጠሩ ነበር፤ በተራቸው ደግሞ ሄደው ያግዙ ነበር። ልጁ ፍቺውን «እንደ ደቦ ያለ» ብሎ ጽፎ ነበር። ሽማግሌው አረሙት። ደቦ ወይም ጅጌ ጠላ ተጠምቆ፣ ምሳ ተሰናድቶ አገር የሚጠራበት ነው፤ የመጣው ሰው በልቶና ጠጥቶ ይሄዳል እንጂ ቀን አይቆጥርም። አንድ ቀን ሠርቼልሃለሁና አንድ ቀን ሥራልኝ የሚባለው ወንፈል ነው። ልጁ «ደቦ» የሚለውን ሰርዞ «ወንፈል» ብሎ ጻፈ። የትኛውም መዝገበ ቃላት እንዲህ ልክክ አላለለትም።

ቤልዌዘር ላይ ግን የፈረንጁ አእምሮ አልገባቸውም። ልጁ «አዝማሚያ አመላካች» ብሎ ጽፎታል። ቃሉ በቁሙ መንጋውን የሚመራ፣ ቃጭል የታሰረለት ሙክት ነው። ከኦሃዮ ግዛት ጋር አብሮ ይነሳል፤ ምክንያቱም ኦሃዮ ከ1964 እስከ 2016 በተደረጉት ምርጫዎች ሁሉ የመረጠችው ሰው ፕሬዚዳንት ሆኗል፤ ቃጭሉ የተሳሳተው በ2020 ነው። «ሙክት ከፊት የሚሄደው» አሉ ሽማግሌው «ወደ ገበያ ሲነዳ ብቻ ነው።»

ፊሊበስተር ሁለት ማታ ፈጀ፤ እንደ ባሕርይው ነው። ሥረ መሠረቱ የደች ቃል ሲሆን የባሕር ወንበዴ ማለት ነው፤ በስፓኝ አፍ አልፎ እንግሊዝኛ ደረሰ። በአሜሪካ ሴኔት አንድ አባል ሕግ እንዳይጸድቅ ሲፈልግ መድረኩን ይዞ ያለማቋረጥ ይናገራል። ዝም ለማሰኘት ከ100ዎቹ 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ወንበዴ የሚያሰኘው መርከብ ሳይሆን ጊዜ ስለሚዘርፍ ነው። የሉዊዚያናው ሂዩይ ሎንግ በ1935 ከ15 ሰዓት በላይ ሲናገር ወሬ ቢያልቅበት የኦይስተር አጠባበስ እስከ ማስተማር ደርሷል። የሳውዝ ካሮላይናው ስትሮም ተርመንድ በ1957 የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚመለከተውን ሕግ ለማሰናከል 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ቆመ፤ ሕጉ ግን ጸደቀ። ያንን ሪከርድ በ2025 የሰበረው ኮሪ ቡከር የተባለ ጥቁር ሴናተር ነው፤ 25 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ተናገረ። የእሱ ንግግር አንድን ሕግ ለማገድ ስላልነበር በጥብቅ አነጋገር ፊሊበስተር አይባልም፤ ስትሮም ተርመንድን ከመዝገቡ ላይ ለማንሳት ግን በቂ ነበር።

ሽማግሌው በንግግሩ አልተደነቁም። በላ ልበልሃ እየተባለ በሚሟገትበት ዘመን አያታቸው ጠበቃ ነበሩና፣ ከማለዳ እስከ ማታ ቃል ሳይደግሙ መናገር ለእሳቸው ተራ ነገር ነው። ያስጨነቃቸው ሌላ ነው።

«ሽንት ቤትስ?»

«መሄድ አይቻልም አባባ። ከወጣ መድረኩን ያጣል። ኮሪ ቡከር አስቀድሞ እህልም ውሃም አቁሞ ነው የገባው።»

«ጾሞ?»

«ጾሞ።»

«እንግዲያው ወንበዴ አትበሉት!»

ይሁን እንጂ ለዚህ ሁሉ ክርክር ቁልፉ ያለው ቦይኮት በምትለው ካርድ ውስጥ ነው። ልጁ ሊያልፋት ነበር፤ አማርኛም ስለሆነች ማጥናት አያስፈልጋትም። ቻርልስ ቦይኮት የቀድሞ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር፤ ምዕራብ አየርላንድ፣ ሜዮ በተባለው አውራጃ፣ የአንድ ባላባት መሬት ወኪል። በ1880 ጭሰኞቹ አዝመራው ስላልያዘ የመሬቱ ኪራይ ይቀነስልን አሉ፤ እሱ ከመሬታቸው ሊያስነሳቸው ወረቀት ላከባቸው። ጭሰኞቹ አልመቱትም፣ አላቃጠሉበትም። ዝም ብቻ አሉት። ሠራተኛው ማጭዱን ጥሎ ወጣ፤ ባለሱቁ አልሸጥም አለ፤ ልብስ አጣቢዋ ቀረች፤ ፖስተኛው ደብዳቤ ማድረስ ተወ።

«ከዕድር አስወጡት!» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ይህ እንደ ዳክዬዋ የሚሳቅበት አይደለም። ሰንበቴ የማይጠራ፣ እሳት የማይጫርለት፣ ቤቱ ለቅሶ ቢገባ ድንኳን የማይተከልለት ሰው ምን እንደሚመስል አይተዋል።

የቦይኮትን ሰብል ለመሰብሰብ ከሌላ አውራጃ 50 ያህል ፈቃደኞች መጡ፤ እነሱን ለመጠበቅ ደግሞ 1,000 ያህል ወታደርና ፖሊስ ሰፈረ። 500 ፓውንድ ያህል የሚያወጣ ድንችና እህል ለማንሳት የወጣው ወጪ 10,000 ፓውንድ ገደማ ደረሰ ተብሏል። ሰውዬው በዓመቱ ማለቂያ አየርላንድን ለቆ ሄደ፤ ስሙን ግን ይዞ መሄድ አልቻለም። በወቅቱ እዚያ የነበረው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ጄምስ ሬድፓዝ እንደጻፈው፣ ለዚህ ቅጣት ስም ፍለጋ ከቄስ ጆን ኦማሊ ጋር ተቀምጠው ይመክሩ ነበር። ጋዜጠኛው ከግሪክ የመጣችውንና ማግለል የሚል ፍቺ ያላትን ከፍተኛ ቃል ሊጽፍ አስቦ ቸገረው፤ ገበሬዎቹ አይረዷትም። ቄሱ ጥቂት አሰቡና ለምን በሰውየው ስም አንጠራውም አሉ።

እነሆ ከፍተኛው እንግሊዝኛ እንዲህ ነው የተሠራው። ካባ የደረበው ቃል በር ላይ ቀረ፤ ከድንቹ ማሳ የመጣው ገባ። መጽሐፉ የሚያስፈራራበት ካርድ ሁሉ ቢገለበጥ ከጀርባው የሚገኘው ጋጣ፣ አደን፣ ጫካ፣ ገበያ ነው። የልጁ ጭንቀት ከተማ ተወልዶ ማደጉ ነበር። ጅራፍ ሲባል የሚታየው አሥራ ሁለት ቃላት ያሉት ፍቺ ነው፤ አያቱን ግን ጅራፉ ጆሯቸው ላይ ይጮህባቸዋል።

ካንዲዴት በምትለው ካርድ ላይ ደግሞ ሽማግሌው ያለ ዘመቻ ዕጩ ሆኑ። በጥንቷ ሮም ለሹመት የሚወዳደር ሰው ልብሱን በኖራ አንጽቶ፣ ነጭ ለብሶ አደባባይ ይዞር ነበር፤ ቃሉም የመጣው ከዚያ ንጣት ነው። አያቱ የተከናነቡትን ጋቢ አዩት፤ ልጁም አየው። «ለየትኛው ወንበር ነው የምወዳደረው?» ብለው ሶፋቸውን አደላደሉ።

ሽማግሌው ሁሌ ያሸንፋሉ ማለት ግን አይደለም። ቴብል የምትለው ካርድ ረታቻቸው፤ ማንን አልረታች! አንድን ጉዳይ «ጠረጴዛ ላይ ማድረግ» ለእንግሊዞች አሁኑኑ እንወያይበት ማለት ነው፤ ለአሜሪካኖች ደግሞ እናቆየው ማለት ነው። ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ የሁለቱ አገር የጦር አዛዦች በዚህች ቃል ምክንያት ረዥምና መራራ ክርክር እንደገጠሙ ተርኳል። ክርክሩ ካለፈ በኋላ ለካ ሁለቱም ወገኖች የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። «ጠረጴዛ የሌለው አገር ይሻላል» አሉ አያቱ።

ከእንግሊዝ ፓርላማ ስለ መልቀቅ የምትናገረው ካርድም ግራ አጋባቻቸው። ከ1624 ጀምሮ አንድ አባል በፈቃዱ ሥራ መልቀቅ አይችልም። መውጣት የፈለገ ሰው ከዘውዱ ሹመት ይለምናል፤ እንዲህ ያለ የዘውድ ሹመት የያዘ ሰው ደግሞ በፓርላማ መቀመጥ ስለማይፈቀድለት በዚያው ይወጣል። ሥራው የቺልተርን ሃንድረድስ ወይም የኖርዝስቴድ ርስት ጠባቂ መሆን ነው፤ የሚጠበቅ ነገርም ሆነ የሚከፈል ደመወዝ የለውም። በ2011 የአየርላንዱ ሪፐብሊካን ጄሪ አዳምስ መልቀቂያ ብቻ ጽፎ ላከ። ዕድሜውን ሙሉ የእንግሊዝን ዘውድ አልቀበልም ያለ ሰው፣ ሹመት አልጠየቅሁም እያለ፣ የኖርዝስቴድ ርስት ጠባቂ ተደርጎ ተሾመ።

«ለመሻር ተሾመ?» አሉ ሽማግሌው። ከዚህ በላይ ምንም አላሉም።

ስፒከር ላይ ሲደርሱ አማርኛው በለጠ። እንግሊዝኛው ተናጋሪ ማለት ብቻ ነው። ሰውየው የሚናገረው ምክር ቤቱን ወክሎ ለንጉሡ ስለነበር ሥራው ለአንገት አደገኛ ነበር፤ ከ1394 እስከ 1535 ሰባት አፈ ጉባኤዎች አንገታቸው ተቀልቷል። ዛሬም አዲስ የተመረጠው ሰው እንደማይፈልግ ሆኖ፣ ባልደረቦቹ እየጎተቱት ወደ ወንበሩ ይሄዳል። የእኛው «አፈ ጉባኤ» አፍን አስገብቶበታል። ሽማግሌው ግን የሚያውቁት ከእሱ የቀደመውን አፍ ነው። አፈ ንጉሥ የሚባሉት ትልቁ ዳኛ የንጉሡ አፍ ነበሩ። እንግሊዝ ምክር ቤቱ ለንጉሡ የሚናገርበት አፍ አበጀ፤ ኢትዮጵያ ንጉሡ ለሕዝቡ የሚናገርበት አፍ ነበራት። ሽማግሌው ይህን ልዩነት ሲሰሙ «ጆሮውስ የማን ነበር?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ካርዱን አገላበጠ፤ ከጀርባውም የለም።

በመጨረሻው ሳምንት፣ አንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ልጁ ካርዶቹን በላስቲክ አስሮ ቴሌቪዥን ከፈተ። ዜና አንባቢዋ ባለድርሻ አካላት የፖለቲካ ምህዳሩን በማስፋት ረገድ የተቀናጀ ርብርብ ማድረግ እንዳለባቸው መገለጹን ተናገረች።

ሽማግሌው ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ምን አለች?»

ልጁ ደገመላቸው።

«ምህዳሩ ስንት ጥማድ ነው?»

«መሬት አይደለም አባባ . . .»

«ይሰፋል አላለችም?»

«ይሰፋል . . . ግን መሬት አይደለም።»

«ባለድርሻዎቹስ? ድርሻ ካላቸው ለምን ተካፍለው አይሄዱም? አካላትስ የማን አካል ነው?»

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ላብ አላበው። የአንካሳዋን ዳክዬ አገር አስረድቷል፤ የማሳቹሴትስን አውሬ ከነጥፍሩ ተንትኗል። በገዛ ቋንቋው የተነበበች አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ሶፋውና ቴሌቪዥኑ መሃል ወድቃ ቀረች። ባለድርሻ ስቴክሆልደር ከሚለው የተተረጎመ ነው ብሎ ጀመረና መጽሐፉን ገለጠ። ገልጦም ሳቀ። ስቴክሆልደር ጥንት ሁለት ሰዎች ሲወራረዱ የመወራረጃውን ገንዘብ የሚይዝላቸው ሰው ነበር።

«ውርርድ ያዥ!» ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ጣሉት። በአያታቸው ዘመን ተሟጋች በፈረስ፣ በበቅሎ፣ በማር ይወራረድ ነበር። «ይህን ለልጅቷ ለምን አልነገሯትም? ውርርድ ያዦች ብትል ኖሮ ገብቶኝ አርፌ እተኛ ነበር።»

ልጁ ውርርድ ያዦች ቢባል ሚኒስትሮቹ እንደሚቀየሙ ለማስረዳት ሞከረ። ሽማግሌው ግን እየሰሙት አልነበረም። ከካላንደሩ የተረፈች ባዶ ካርድ አንስተው ሰጡት።

«ጻፍልኝ። በአንድ ወገን ባለድርሻ አካላት፣ በሌላው ምህዳር።»

«ፍቺውን የት ልጻፈው? ሁለቱንም ፊት ጨረሱት እኮ።»

«ፍቺውን ተወው። ሰው እጠይቃለሁ።»

ልጁ በትልልቁ ጻፈላቸው። ካርዷን ከሐኪሙ የቀጠሮ ወረቀት ጋር አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ጠዋት፣ ልጁ ወደ ፈተናው ሊሄድ ጫማውን ሲያስር፣ ሽማግሌው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። የግቢው በር ላይ ያለው ጥበቃ የተማረ ሰው ነው ሲባል ሰምተዋል። አራቱን ፎቅ ቀድመውት ወረዱ።